ጆኒ የሚባል ባል የለኝም

የልጅ ልጄ ህሊና እዚህ ጀርመን፣ ፌኸንሃይም የሚባል ሰፈር ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ከሥራ ስትመለስ፣ ደረቷ ላይ «ሊና» የሚል ስም ተለጥፎ አየሁ።

«ማነው ስምሽን የቆረጠው?»

«ኤጋል» አለች በጀርመንኛ፤ «ግድ የለም እማማ፤ ለእነሱ እንዲቀላቸው ነው።»

አባቴም እንዲሁ ብሎኝ ነበር። የምንኖረው አሰብ ነበር፤ እሱ በእንግሊዞች የጭነት መርከብ ሞተር ክፍል ይሠራ ነበር። ቤት ሲመጣ ገላው ሁሉ የማሽን ዘይት ይሸታል። አንድ ቀን ጭኑ ላይ አስቀምጦኝ፣ «መርከብ ላይ ኃይለማርያም ይረዝምባቸዋል፤ ጆኒ ነው የሚሉኝ» አለና ሳቀ። «አደራ፣ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ስምህን እንዴት አሳልፈህ ትሰጣለህ ብላ ትቆጣለች።»

ከሚቀጥለው ጉዞ አልተመለሰም። አንድ መርከበኛ ቤታችንን አጠያይቆ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«ጆኒን ባሕር ወሰደው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ቤት ተሳስተሃል። ጆኒ የሚባል ባል የለኝም» አለችው እናቴ፤ በሩንም ዘጋችበት።

እኔ አውቅ ነበር። የአባቴን አደራ ጠበቅሁና ዝም አልኩ። እናቴ መርከብ በጮኸ ቁጥር ወደብ እየወረደች፣ እስክትሞት ጠበቀችው።

ነገ ከህሊና ጋር መጦሪያው ድረስ እሄዳለሁ። ጀርመንኛዬ ትንሽ ነው፤ ስሟን ግን ሙሉውን እጠራላቸዋለሁ።