የቁመቴን ያህል ጧፍና አልታጠፍም ያለች ጉልበት

ከላይ ጋይንት እስከ ታች ጋይንት፣ ስማዳንና እስቴን ደርባችሁ ብታስሱ፣ ተራራ በመውጣት እኔን የሚስተካከል ሰው አታገኙም። ጭላዳ ገደል መንጠላጠል የተማረችው እኔን አይታ ነው። የንፋስ መውጫ ንፋስ እንኳ ዳገት ላይ ስቀድመው ጎኑን ይዞ ያርፋል።

ይህን ካልሁ በኋላ አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። አምና በክረምት ከአልጋዬ እስከ ጎረቤቴ አጥር ያለችውን ሃያ እርምጃ ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ቁጭ ብዬ አርፌያለሁ። የጎረቤቴ ዶሮ ከነጫጩቶቿ አልፋኝ ሄዳ፣ ጥሬዋን ለቃቅማ ስትመለስ እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርሁ።

ቀኝ እግሬ ተሰብሮ ነው። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ገጥሟል፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍም አለ። እንዴት እንደተሰበረ አገር ያውቃል፤ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ የሰው በሬ በጅራቱ ጎትቼ ሳወጣ ነው። በሬው በየጊዜው ይወፍራል። መጀመሪያ ሳወራው ወይፈን ነበር፤ ለፋሲካ ጥማድ በሬ ከነቀንበሩ ሆኗል። ከእኔ ሌላ ነገሩን በቅርብ የምታውቀው ባለቤቴ ናት። እሷም በሬው በተነሣ ቁጥር ድንገት የሚማሰል ወጥ ትዝ ይላትና ወደ ጓዳ ትገባለች።

ስለቱም የመጣው ከዚሁ ምላሴ ነው። እግሬ ጀሶ ውስጥ ሳለች ጠያቂ ቤቱን ሞልቶት ነበር። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ እኔ መጠን አላውቅም። እጄን ወደ ጣራው ዘርግቼ፣ «አቦዬ፣ ይህች እግር ትቁምልኝ እንጂ፣ በጥቅምት በዓልህ ተራራህን በእግሬ እወጣለሁ! የቁመቴን ያህል ጧፍ ይዤ ቤተ ክርስቲያንህን ሰባት ጊዜ እዞራለሁ!» አልሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ጊዜ ብል ምን ነበረበት? ግን እልልታው ለሰባት ነው የሚያምር።

መስከረም ጠባ። አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ አለበሰው፤ የባቄላው አበባ ሽታ ቤት ድረስ ይገባል። ባለቤቴ አንድ ጧት ደጃፍ ላይ ቆሜ አየችኝና፣

«እግርህ ቆማለች» አለችኝ።

«አልታጠፈችም እኮ።»

«ትታጠፍልኝ አላልህም። ትቁምልኝ ነው ያልህ። እኔም ሰምቻለሁ፤ አቦም ሰምቷል።»

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። ፊቷን ሳየው ግን አልነበረም። እግሬ በክፉ ሁኔታ ላይ በነበረች ጊዜ፣ እኔ እንቅልፌን ስተኛ፣ ያን ስለት እንደ ገመድ ይዛ የከረመችው እሷ ናት። እኔ ለጨዋታ ያልሁትን እሷ ለዕዳ ተቀብላዋለች። ስለቱ ሳይገባ ቢቀር ዓመቱን ሙሉ በእያንዳንዷ ኮሽታ እንደምትደነግጥ ገባኝ። ለደህና ሰው ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ተራራ፣ በአንድ እግርና በአንድ ጣውላ መውጣት ነበረብኝ።

መጀመሪያ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። ማጠፍ የማልችለውን እግሬን ፊታቸው ዘርግቼ ተቀመጥሁ።

«አባታችን፣ ያን ዕለት ትንሽ አጋንኜ ነበር።»

«አንተ መቼ ሳታጋንን ተናግረህ ታውቃለህ?» አሉኝ። «እኛስ ለምደንሃል። ጻድቁ ግን አልለመዱህም፤ እውነት መስሏቸው ሰምተውሃል።»

«በበቅሎ ብወጣስ?»

«የተሳልኸው በማን እግር ነው? በበቅሎዋ?»

«እሺ፣ ሰባቱን ዙር ወደ አንድ ቢያወርዱልኝ?»

«ሰባት ያልህ አንተ! እኔ ምን አገባኝ?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውም አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከግድግዳው የተደገፈ መቋሚያቸውን አንሥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

«ይህን ያዝ። እኛ ማሕሌት ስንቆም ይህን ተደግፈን ነው የምናነጋው። አልቆሙም ያለን ሰው የለም። ደግሞም በእግሬ አልህ እንጂ በአንድ ቀን አላልህም። ሦስት ቀን ውሰድ። መውረዱንም አልተሳልህም፤ በበቅሎ ውረድ።»

እጃቸውን ስሜ ልነሣ ስል፣ «አንድ ነገር አለ» አሉኝ። «እዚያ ደብር ስለት የሚያስገባ ሰው፣ ምን ሆኖ ምን እንደተደረገለት ለሕዝቡ በገዛ አፉ ይመሰክራል። ታቦት ፊት ነው ልጄ። እንደ ሠፈር ጨዋታ አይደለም።»

ተራራው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቁመቱ እጥፍ ሆነብኝ።

ቤት ስመለስ ዕቅዱን ባለቤቴ ተረከበችው። መጀመሪያ ጧፉ። የቁመቴን ልክ ልትወስድ ክር ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ በዚህ አገር ከእኔ የሚረዝም የስልክ ምሰሶ ብቻ ነው እያልሁ የኖርሁ ሰው ነኝ። ግድግዳውን ተደግፌ አንገቴን መዘዝሁ።

«ተረከዝህን አውርድ!»

«ወርዷል እኮ።»

«ባርኔጣህንም አውልቅ። አቦን ልትሸውድ ነው?»

ክሩ ሲዘረጋ በእሷው ቁመት ልክ ሆኖ ቁጭ አለ። ክሩ ተሸብሽቧል ብዬ ተከራከርሁ። በሁለት እጇ ወጥራ አሳየችኝ፤ ይባስ ብሎ እሷ በአንድ ጣት በለጠችኝ።

ቀጥሎ ልምምድ ሆነ። በገበያ ቀን ገበያ ድረስ፣ በሌላው ቀን ምንጩ ድረስ ታስኬደኛለች። መቶ እርምጃ ስሄድ «ቁጭ!» ትላለች፤ እቀመጣለሁ። ጎረቤቴ፣ ያ ባለ ዶሮውና ባለ በቅሎው፣ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያየናል።

«ለመሆኑ» ይላል፣ «የዘንድሮው አቦ ላይ ነው የምትደርሱት ወይስ የከርሞው?»

«በቅሎህን ለመውረጃ አከራየን እንጂ ወሬህን ማን ጠየቀህ?»

«በነፃ ነው የምሰጥህ! በሬ ከገደል በጅራቱ ላወጣ ጀግና ኪራይ አልቀበልም። ራሴም አብሬ እመጣለሁ፤ ታሪኩን እዚያ ስትናገር መስማት አለብኝ።» ቀጠለናም፣ «እስከ ከተማው ዳር እንኳ ባጃጅ ብትይዙ?» አለ።

ባለቤቴ፣ «እሱና ባጃጅ ባይገናኙ ይሻላል» ብላ ልምምዱን ቀጠለች።

ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀድመን ተነሣን። እሷ በሶና ቆሎ ተሸከመች፣ ጎረቤቴ ባዶ በቅሎውን እየሳበ፣ እኔ መቋሚያዬን ይዤ። ባዶ በቅሎ ከኋላህ ስትመጣ መስማት ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ያልሄደበት አያውቀውም። ኮርቻው በየእርምጃው «ና ውጣ፣ ና ውጣ» የሚል ይመስላል። የመጀመሪያውን ቀን ምንጩ ላይ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ፣ ከዚያም በየአጥሩ ሥር እያረፍን የባለቤቴ አክስት ቤት ደረስን። አክስቷ ተራራው ግርጌ ነው የሚኖሩት። እግሬን በሞቀ ውኃና በቅቤ እያሹ፣ «አይ የበሬው ነገር!» ይሉ ነበር። ባለቤቴ እዚያም ወጥ ለማማሰል ተነሣች።

በማግሥቱ ዳገቱ መጣ። እስከ ወገቡ ድረስ ደህና ነበርሁ። ከዚያ በላይ ግን መንገዱ በአለት ላይ የተፈለፈለ ደረጃ ነው፤ አንዱ እርከን እስከ ጉልበት ይደርሳል። የማይታጠፍ ጉልበት ይዤ ፊት ለፊት ስሞክር ወደ ኋላ እየተንሸራተትሁ ሦስት ጊዜ ተመለስሁ። ምእመናን በግራ በቀኝ እያለፉኝ «በርታ ወንድሜ» ይላሉ። አንዲት ምርኩዝ የያዙ አሮጊት እንኳ «በርታ ልጄ» ብለውኝ አለፉ።

ጎረቤቴ መከረኝ። «ዞረህ ቁጭ በልና፣ በመቀመጫህ ከእርከን እርከን ወደ ላይ እየተሳብህ ውጣ።»

«በእግሬ ነው ያለ!» ባለቤቴ ጮኸችበት። «በመቀመጫዬ ያለ ሰው አለ?»

ጎረቤቴ በቅሎዋን ወደ እኔ አስጠጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። «ማንም አይፈርድብህም፤ ውጣ» አለኝ። ባለቤቴን አየኋት። የቁመቴን ያህል የሆነውን ጧፍ በነጠላዋ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። በቅሎዋን በክርኔ ገፋሁና ወደ ጎን ዞርሁ። ደህናዋን እግር አስቀደምሁ፣ መቋሚያውን ተከልሁ፣ ሰነፏን ጎተትሁ። ሆነ! አንድ እርከን። ደግሞ አንድ። ፊቴን ወደ ገደሉ፣ ጎኔን ወደ ጻድቁ አድርጌ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ የጀመርሁትን ደረጃ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስሁት። ከላይ ቁልቁል ሳየው የስማዳ ማሳ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል፤ እኔ ስላላረስሁት ብቻ አልፎከርሁበትም።

በበዓሉ ዕለት ታቦቱ ሲዞር አብሬ ሦስቱን ዙር ዞርሁ፤ አራቱን ለብቻዬ፣ በየማዕዘኑ እየተቀመጥሁ ሞላሁ። ሰባተኛውን ስጨርስ ባለቤቴ ጧፉን አስያዘችኝና ወደ ዐውደ ምሕረቱ ወሰደችኝ። መሪጌታው ማይኩን አፌ ላይ ደገኑት።

«እንኳን አበቃዎት። ምን ሆነው ነበር?»

ሕዝቡ ወደ እኔ ተጠጋ። ጎረቤቴ ከመካከል፣ «በሬ ከገደል ሲያወጣ ነው!» ብሎ አገዘኝ። እልልታው ሊጀምር ከንፈሮች ተላቀቁ። ባለቤቴን ፈለግኋት። እዚህ የሚማሰል ወጥ የለም፤ የምትሄድበት ጓዳ የለም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«በሬ አልነበረም» አልሁ። ማይኩ ቃሌን ወሰደው፤ ገደል ከገደል ተቀባበለው።

የሆነውን እንዳለ ነገርኋቸው። ንፋስ መውጫ ላይ፣ ከባለቤቴ ጋር ሆኜ ከቆመ ባጃጅ ስወርድ፣ የጋቢዬ ጫፍ ብረት ያዘውና ወደቅሁ። ሞተሩ ጠፍቷል፤ ሹፌሩም የስልክ ካርድ ሊገዛ ሄዷል። የወደቅሁበት ቦይ ጥልቀቱ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው።