ዳሚት እምቢ ያለችበት ቀን

ልጅ ሳለሁ የምንኖርበት ቤት ከፈረሶቹ ጋጣ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራ ስለነበር፣ ተረት የምሰማው ሁልጊዜ በግድግዳው ማዶ ጭድ ሲቆረጠም እያዳመጥሁ ነበር። መንደራችን ከብልባላ በላይ፣ ገብስና ባቄላ እንጂ ጤፍ የማይበቅልበት ደጋ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ጉሙ ከሸለቆው ተነሥቶ እስከ ደጃፋችን ይመጣል፤ ሰውም ከብቱም በጊዜ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የኩበት ጢስ፣ ፍምና የአያቴ ድምፅ ብቻ ነበር።

አያቴን እኛ አባባ እንላቸዋለን፤ ጎረቤት አያ ተፈራ ይላቸዋል። በዚያ አቀበት ሁሉ በፈረስ አዋቂነታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። ሦስት ፈረሶች ነበሩን። ሁለቱን አባቴ እህል እየጫነ ገበያ ይወርድባቸዋል፤ ሦስተኛዋን፣ ዳሚት የምትባለውን ዳማ ባዝራ ግን ከአባባ በቀር የሚቀመጥባት አልነበረም። ጋጣውን የምጠርገውና ዳሚትን ምንጭ ወርጄ የማጠጣት እኔ ነበርሁ። ስንመለስ አባባ አፏን ከፍተው ከምላሷ ሥር አልቅት እንዳይኖር በጣታቸው ይፈልጋሉ፤ ኮርቻ እንዳላቆሰላት ጀርባዋን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ ሰኮናዋን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን ያደርጋሉ። ያየ ሰው ሁሉ «አያ ተፈራ እኮ ፈረስ የሚያዩት በእጃቸው ነው» እያለ ያደንቃል። እኔም አደንቅ ነበር። ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነው፤ ሰው የሚያየውን ነገር ለምን ይዳብሳል ብዬ አልጠየቅሁም።

አንድ የሰኔ ምሽት እናቴ ወንድሜን እያስተኛች፣ አባቴ ገና ከገበያ ሳይመለስ፣ ከአባባ ጋር ምድጃ ዳር ተቀምጠን ነበር። ተረት ይንገሩኝ አልኋቸው። እንደ ሌላ ጊዜው ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈገግ አላሉም። እንዲሁ ጀመሩ።

አንድ ፈረሰኛ ነበረ አሉ፤ ዓይኑ ጠፋ። ለሰው አልተናገረም፤ ሰውም አላወቀበትም። ያወቀው ፈረሱ ነው። አንድ ቀን ልጓም ሊያገባለት ሲል እጁ አፉን ስቶ ወደ ጆሮው ሄደ፤ ፈረሱ በዚያች ቅጽበት ነገሩ ገባው። ከዚያ ወዲህ ከወትሮው የባሰ ታዛዥ ሆነ። ሂድ ሲለው ይሄዳል፣ ቁም ሲለው ይቆማል፤ የሚሄደው ግን ራሱ ወዳሻው ነው። አንድ እሑድ ጌታው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲለው፣ ከብት የማይደርስበት ለምለም ሣር ወዳለበት ገደል አፋፍ ወሰደው። ቆሞ አንገቱን ወደ ሣሩ ሲያዘነብል፣ ጌታው ከደጀ ሰላሙ የደረሰ መሰለው። ነጠላውን አስተካከለ፤ አማተበ፤ ወረደ።

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያማ ፈረሱ ሣሩን በላ።»

ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ተረት ነግረውኝ አያውቁም። ወደ እሳቱ ጠጋ አልሁ። ትንሽ ቆይተው «ጥሩዬ፣ ኩራዙን አታበሪም እንዴ? ቤቱ ጨለመ እኮ» አሉኝ።

ኩራዙ በርቶ ነበር። ከጉልበታቸው አንድ ክንድ ሳይርቅ፣ ነበልባሉ ፊታቸው ላይ እየተወዛወዘ።

«በርቷል፣ አባባ።»

እጃቸው በአየር ላይ ሲፈልገኝ ቆየና አንጓዬን አገኘው። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ከሰማ እዚሁ ምድጃ ዳር ያስቀምጠኛል። ዳሚትንም ይሸጣታል።»

«ዳሚትስ ታውቃለች?»

«እስካሁን አላወቀችም። እኔ የምፈራው የምታውቅበትን ዕለት ነው።»

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ለእኔ ምንም ነገር እንደ ድሮው አልሆነም። አባባ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከፊት ከፊት እሄዳለሁ፤ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ካለ አንድ ጊዜ፣ መንገዱ ከጠበበ ሁለት ጊዜ እስላለሁ። እናቴ ብርድ መታት ብላ ጤና አዳም ታጠጣኛለች። ጋጣ ስገባ የዳሚትን ዓይን አየዋለሁ፤ ትልቅ፣ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ያኔ በተረቱ ያለውና በጋጣችን ያለው ፈረስ በልቤ አንድ ሆነውብኝ ነበር። አባባም ማታ ማታ፣ ሰው ራቅ ሲል፣ «ዳሚት ዛሬስ እንዴት ነበር የምታየኝ?» ይሉኛል፤ እኔ «ደህና» እላለሁ።

የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አደረ። ቤተ ክርስቲያኑ ከተራራው ማዶ ነው፤ የሚወስደው መንገድ የገደሉን ወገብ ተከትሎ የተቆረጠ፣ አንድ የተጫነ ፈረስ ብቻ የሚያሳልፍ ነው። ጠዋት መንደሩ በሙሉ በዚያ መንገድ ላይ ተሰልፎ ወጣ፤ አባባ በዳሚት ላይ ሆነው ከሁሉም ፊት፣ ከኋላቸው ሲሳይ የሚባል የጎረቤታችን ጎረምሳ በበቅሎ፣ ከዚያ እግረኛው። ጉሙ ጥቅጥቅ ያለ ነበር። የእኔ ቦታ ከፊት ነው። ነገር ግን ጓደኛዬ አለሚቱ አዲስ ጃንጥላ ተገዝቶላት ነበር፤ ቀይና ቢጫ ነው፤ ነይ ግቢ አለችኝ፤ ገባሁ። መንገዱን አባባም ዳሚትም ያውቁታል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። እየሳቅን፣ ሰው እያለፈን፣ ከሰልፉ መካከል ደረስን።

በድንገት ሰልፉ ቆመ።

«አያ ተፈራ! ዳሚት እዚሁ ላስቀድስ አለች እንዴ?» ሲል ሲሳይ ተሰማኝ፤ ሰዎች ሳቁ። ወዲያው የአለንጋ ድምፅ ሰማሁ። አባባ ዳሚትን መትተዋት አያውቁም ነበር። ጃንጥላውን ጥዬ በሰዎቹና በቋጥኙ መካከል እየተሹለከለክሁ ሮጥሁ። ሁለተኛ መቷት። ከሲሳይ በቅሎ ሥር ሳልፍ ባዝራይቱ እግሮቿን ተክላ፣ ጆሮዋን አስተኝታ፣ ቆዳዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አባባ ወደ አንገቷ አጎንብሰው፣ ከእኔ በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ «አወቅሽብኝ፤ አይደል?» አሏትና ሦስተኛውን አሳረፉባት።

ከፊት እግሮቿ አንድ እርምጃ ወዲያ መንገድ አልነበረም። ጭቃው ተንዶ ወርዷል፤ የቀረው ጉም ብቻ ነበር።

«አባባ፣ መንገዱ የለም! ተንዷል!»

አለንጋው እንደተነሣ ቀረ። በዚያው ጊዜ ነፋስ መጣና ጉሙን ከፈተው፤ ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ የተናደውን መንገድ አየ። አባባ ብቻ ራሳቸውን ወዲህም ወዲያም አዞሩ።

«የቱ ጋ?» አሉ።

ሳቁ ጠፋ። አንዲት ሴት «ወይኔ» ስትል ሰማሁ። አባቴ የሲሳይን በቅሎ በቋጥኙ በኩል አልፎ መጣና ልጓሙን ያዘ። «አባቴ፣ ይውረዱ። በእኔ በኩል። እግርዎን እዚህ፣ እጄ ላይ።» ወረዱ፤ ትከሻውን ይዘው ቆሙ። ከዳሚት ሰኮና ሥር አንድ ጓል አፈር ተነቅሎ ሄደ፤ ጆሮዬን ባቆም ሲወድቅ አልተሰማኝም። ባዝራይቱን ወደ ኋላ እርምጃ በእርምጃ ስበን አወጣናት።

ማታ አባቴ ብቻዬን ጠርቶ «ታውቂ ነበር?» አለኝ። አዎ አልሁ። ይገርፈኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። አልነካኝም። «ብትነግሪኝ እኮ ልጓሙን ይዤ እየሳብሁ እወስዳቸው ነበር» አለና ወጣ። ዳሚትን የመሸጥ ሐሳብም ኖሮት አያውቅም።

አባባ ከዚያ በኋላ አልተቀመጡባትም። ተረትም አልነገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ጋጣ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ፤ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው እፍኝ ገብስ ይዘው ነበር። ገና ከዘራው ድንጋዩን እንደ አለንጋ ቀጭ ሲያደርግ ዳሚት ወደ ጥግ ሸሸችና የዓይኗ ነጭ ታየ። አባባ ገብሱን ዘርግተው ቆሙ።

«ጥሩዬ፣ ጆሮዋ እንዴት ነው? ወደ እኔ ነው?»

ጆሮዋ አንገቷ ላይ ተለጥፎ ነበር።

«ወደ እርስዎ ነው፣ አባባ።»

«እኔ እሷን ስፈራ» አሉ፤ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ገብሱን ከእጃቸው ቀስ ብዬ ወስጄ ወደ ጥግ ሄድሁና እኔው አበላኋት። ስትቆረጥም ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ።

ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ሁለት ዓመታት በየቀኑ እንዲሁ አደረግን። እሳቸው ይዘረጋሉ፤ እኔ እወስዳለሁ፤ እሷ ትበላለች፤ እሳቸው ይሰማሉ። ሊሞቱ ሲሉ «መቼም ይቅር ብላኛለች» አሉኝ፤ «ድሮ ነው እንጂ» አልኋቸው። ዛሬ የምኖረው ጋሸና ነው፤ የራሴ ልጆች አሉኝ፤ አባባ የነገሩኝን ተረት ሁሉ፣ ከዚያች ከአንዷ በቀር፣ ነግሬያቸዋለሁ። የመጀመሪያው ዝምታዬ አባባን ሊገድላቸው እንደነበር አውቃለሁ። ስለ ሁለተኛው፣ የዳሚትን ፍርሃት ስለ ደበቅሁባቸው ግን እስካሁን ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አልችልም። ዳሚት ከአባባ በኋላ አምስት ዓመት ቆይታለች፤ አንድ ሽማግሌ በደጃችን ከዘራውን እያንኳኳ ባለፈ ቁጥር፣ ከጋጣው ድንብር ስትል እሰማት ነበር።