በር ላይ የቀረው ሽማግሌ

አስራ አራት ሙሽራ ለምኜ አሰጥቻለሁ። አራዳ ውስጥ ሽማግሌ ልላክ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የኔን በር ነበር። ትምህርት ቤት የገባሁት አጥሩን ላጥር ብቻ ነው፤ አፌ ግን ዲግሪ አለው።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቀረ። ሚስት የሞተችበት ሰው ለጋብቻ አይላክም፣ መጥፎ ገዱ ለሙሽሮቹ ይተርፋል ይባላል። ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ዝም ብለው ማንኳኳቱን ተዉት።

ባለፈው ጥር የእህቴ ልጅ ከጠዳ ከተማ አንዲት ሸጋ ልጅ ወደደ። እጄ ላይ ያደገ ልጅ ነው። ለሱ ካልተላክሁ ለማን ልላክ ነው ብዬ ኮቴን አስተኮስሁ። እህቴ መጣች፤ ቁጭ እንኳ ሳትል፦

«ወንድምዬ፣ አይክፋህ። አንተ ማኪናው ውስጥ ብትጠብቅስ?»

«ምነው፣ ይሰረቃል ብለሽ ነው?»

አልሳቀችም።

ከተመረጡት ሦስት ሽማግሌዎች ጋር በተከራየነው ማኪና ሄድሁ። መንገዱን ሙሉ ሳስጠናቸው ነበር። «ሰጥተናል እስኪሏችሁ እንዳትቀመጡ። ቁጭ ያለ ሽማግሌ ማን ይፈራዋል?» እነሱ ገቡ፣ እኔ ቆርቆሮው አጥር ስር ቆምሁ። በቀዳዳው ባይ፣ ትልቁ ሽማግሌ ጉልበታቸውን ያማቸዋልና ገና ሰላምታው ሳያልቅ አግዳሚው ላይ ዘፍ አሉ።

«ኧረ አያ፣ ይነሱ!» ብዬ ጮህሁ።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። የልጅቱ አባት ብቅ አለ።

«ማነህ አንተ?»

«የልጁ አጎት ነኝ።»

«ምነው ታዲያ ውጭ ቆምህ?»

ሚስቴ እንደሞተች ነገርሁት።

«የኔም ሞታለች። ልጄን ልድር ስል ከቤቴ ልውጣልህ? ግባ እንጂ!»

መግባቱንማ እንዴት አልፈልግ! ግን ነገ ባልና ሚስቱ ቢጣሉ፣ አንዱ ቢታመም፣ እህቴ ዓይኗን ወደኔ ታዞራለች። ከሷም በፊት እኔው ራሴን እጠረጥራለሁ። በገድ ስቀልድ የኖርሁ ሰው፣ ለካ አምንበታለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጫማዬ ጭቃ ነው» አልሁት።

በጥር ምን ጭቃ አለ? ሰውየው ጫማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ገባ።

ማኪናው ውስጥ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ቆይቶ እልልታው ቀለጠ። ሰጥተዋል ማለት ነው። ሹፌሩም ሊበላ ገብቷል፤ «እሰይ፣ የኔ ልጅ!» ያልሁት ለማኪናው መሪ ነው።