ሰር የተባባልንባት መርከብ

በፌዴሬሽኑ ዘመን አሰብ ወደብ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። ደሴ የተማርኳትን እንግሊዝኛ ይዤ ወርጄ፣ በመርከበኞቹና በጫኞቻችን መሀል ቆሜ ስጮህ እውላለሁ። ያኔ ትልልቅ መርከብ ዳር ድረስ አይጠጋም። ዕቃው በጀልባ ይሄድና መርከቡ ሥር ሆነን በክሬን እናስነሳዋለን።

የጫኞቹ አለቃ፣ ሁላችን ካቦ የምንላቸው፣ ሃምሳን የተሻገሩ የወረኢሉ ሰው ናቸው። ከሥራቸው ካሉት ግማሹ ከደጋ የወረደ፣ ግማሹ አፋር ነው።

አንድ ጊዜ ቡና ልትጭን የእንግሊዝ መርከብ መጣች። ጭነቱን የሚቆጣጠር ፊቱ በፀሐይ የቀላ ወጣት ሹም ከላይ የመርከቡን ጠርዝ ተደግፎ "ቦይ! ቦይ!" እያለ ይጣራል።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኗል?" አሉኝ ካቦ። "ባሕር መሀል የምን ቦይ ታየው?"

"በነሱ ቋንቋ ልጅ ማለት ነው፣ ጋሼ።"

"ማንን ነው ልጅ የሚለው?"

ወደ ጫኞቹ አየሁ። ገባቸው። ሽበት ጣል ጣል ያለበትን ጢማቸውን እያሻሹ ቀና ብለው አዩት።

"ካፒቴኑንስ ምን ብሎ ነው የሚጠራው?"

"ሰር ይለዋል። እኛ ጌታዬ እንደምንለው ነው። ለአለቃም፣ ለአስተማሪም፣ ለማያውቁት ሰውም ይባላል።"

"ለማያውቁት ሰው ከሆነማ፣ እኛን መቼ አወቀንና!"

በማግስቱ ጠዋት ጀልባው ላይ ሰዎቹን ሰብስበው፣ "ዛሬ ማንም ማንንም በስሙ እንዳይጠራ። ሁሉም ሰር ነው" አሉ። አፋሮቹም ሲተረጎምላቸው ሳቁና ተስማሙ።

ሥራው ተጀመረ። "ሰር፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ!" "እሺ ሰር!" "ሰር፣ እግርህን ጠብቅ!" ሹሙ ሰር በተባለ ቁጥር እሱን የጠሩት እየመሰለው ይዞራል፤ የሚያየው ግን የለም። በመጨረሻ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ "ማንን ነው የሚጠሩት?" አለኝ።

"እርስ በርሳቸው ነው።"

"ለምን?"

"ስለሚከባበሩ" አልኩት። ይህን በል ያለኝ የለም። የራሴ ቃል ነበር፤ ሳወጣው ደረቴ ሰፋ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በረታና ጀልባችን ከመርከቡ እየራቀ ሄደ። ክሬኑ ቆመ። ሹሙ ገመድ ሊወረውርልን ጫፉን ይዞ፣ "ቦይ!" አለ። ቀና ያለ የለም። ደገመው። ካቦ ጆንያ ላይ ተቀምጠው አድማሱን ያያሉ። እኔም ከአጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ሹሙ ወደ ኋላው ዞር አለ፤ ካፒቴኑ ቆሞ ያየዋል። ወደ እኛ ተመልሶ በቀጭን ድምፅ "ሰር!" አለ።

"የስ ሰር!" አለ ጀልባው በሙሉ ባንድ አፍ። ድምፃችን የመርከቡን ብረት መትቶ ተመለሰ። ካፒቴኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ገመዱ ተወረወረ፤ ካቦ ራሳቸው ቀልበው አሰሩት፤ "ታንኪው ሰር" አሉ፣ በዋዜማው ማታ እኔን ጠይቀው ያጠኑትን ምስጋና። ሹሙ እጁን ወደ ቆቡ አነሳ።

የመጨረሻው ጆንያ እስኪጫን ድረስ "ቦይ" የሚል አልሰማንም። ስንጨርስ ሹሙ በመሰላል ወርዶ ለካቦ እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ በአንድ እጃቸው ጨበጡት። ጎንበስ ያለው እሱ ነው።

ያን ዕለት ወደ ከተማ ስንመለስ መንገዱን ሞልተን፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነን ነው የሄድነው። ከኋላ አንድ ታክሲ ጥሩንባውን ነፋ።

"ቀስ በል፣ ሰር!" ብሎ አንዱ ጮኸበት።

ሁላችንም ፈነዳን። ነጂው ግራ ቢገባውም አብሮን ሳቀና እስከ ገበያው ድረስ ከኋላችን ቀስ እያለ ነዳ።