አሥራ ሁለቱ የነቀምቴ ፉርጎዎች

ነቀምቴ ትምህርት መርጃ ማዕከል ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት ንብረት አንድ ሞረድ፣ አንድ የብረት መጋዝና የቁም ሳጥን ቁልፍ ነበር። መደቤ «የሞዴል ሥራ ረዳት ባለሙያ» ይባላል። የምረዳው ዋና ባለሙያ ግን አልነበረም።

ኃላፊያችን ጓድ ተፈራ ቁልፉን ሲሰጡኝ፣ «እዚያ ውስጥ ያለውን ምን እንደምናደርገው አንቺ ታውቂ ይሆናል» አሉኝ። ከፈትኩት። ስድስት ጣሳ ሬዚንና አንድ ካርቶን ማድረቂያ ተደርድሯል። ሬዚን እንደ ማር የወፈረ ፈሳሽ ነው፤ ማድረቂያው ጠብ ሲደረግበት ይሞቅና እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። የልብና የኩላሊት ሞዴል እንዲሠራበት ከአዲስ አበባ ተልኮ፣ የሚያውቀው ሰው ጠፍቶ ሁለት ክረምት ተቆልፎበት ኖሯል።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አባቴ እዚያው ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ጭነት ክፍል ሲሠራ ኖሮ ነው ያረፈው። እናቴ ብቻዋን ቀርታ ስለነበር፣ ነቀምቴ በገባሁ በሁለተኛው ወር ድሬዳዋ ለነበረ ክፍት ቦታ የዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ። ጓድ ተፈራ አንብበው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

አብሮኝ የሚሠራው አናጢ ኦቦ ዲንሳ ነበር። በዕድሜ አባቴን ያህላል። ባቡር አይቶ አያውቅም፤ መጠየቅ ግን አይሰለቸውም።

«ለመሆኑ ባቡሩ ሲመለስ የት ይዞራል?»

«አይዞርም ኦቦ ዲንሳ። ራሱን ፈትተው በሌላው ጫፍ ይቀጥሉታል።»

«እንግዲያ ራስና ጭራ የለውማ።» ቀኑን ሙሉ ይህንኑ እያሰበ እንጨት ሲልግ ዋለ።

የባቡሩ ሐሳብ የመጣው ከእሱ ጥያቄ ነው። የጂኦግራፊ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ባቡር ትምህርት አለ፤ የወለጋ ተማሪ ደግሞ ከሥዕል በቀር አላየውም። ተማሪው ራሱ የሚገጣጥመው የጭነት ፉርጎ በሬዚን እንሥራ ብዬ አቀረብኩ። ጓድ ተፈራ ወደዱት። «ለአሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ይድረስ። ሌላ አንድ ደግሞ በክፍለ ሀገሩ ኤግዚቢሽን ይታያል። ካማረልሽ፣ ያን ወረቀትሽን ፈርሜ እሰጥሻለሁ» አሉኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ኦቦ ዲንሳ የፉርጎውን ጎን፣ ጣሪያ፣ ወለልና ጎማ አንድ አንድ አድርጎ ከዋንዛ ይቀርጻል። እኔ በጀሶ ቅርጹን አውጥቼ ሬዚን አፈስበታለሁ። ሬዚኑ ከጀሶው ጋር እንዳይጣበቅ መሐሉን አንድ ነገር መቀባት ያስፈልጋል። ሳሙናም ዘይትም ሞክረን አልሆነም። በመጨረሻ የገበያ ሰም በላምባ አቅጥነን ቀባንበት፤ ለቀቀልን። ወለጋ ሰም የሚቸግርበት አገር አይደለም።

ማድረቂያውን በመርፌ ሲሪንጅ እለካለሁ። ሲበዛ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሽታው ራስ ስለሚያዞር መስኮት ሥር ነበር የምንሠራው። ጀሶውን ከመክፈቴ በፊት በስመ አብ እላለሁ። ኦቦ ዲንሳ ጴንጤ ነው፤ ይስቅብኛል። አረፋ የሌለበት ጎን ሲወጣ ግን፣ «ለዚህኛው ደህና አድርገሽ ጸልየሻል» ይላል።

የባቡር ጎማ እንደ መኪና ጎማ አይደለም። ከሐዲዱ እንዳይወጣ በአንድ በኩል ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። እኛ ከንፈር አልነው። ኦቦ ዲንሳ ከንፈሩ በየት በኩል ይሁን ቢለኝ፣ ሳላመነታ «በውጭ በኩል» አልኩት። በመመሪያው ወረቀት ላይም እንደዚያው ጻፍኩ፤ በስቴንስል ተባዝቶ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ያልተገጣጠሙትን ክፍሎች ከያዙት አሥራ ሁለት ከረጢቶች ጋር ሄደ። ከመላኩ በፊት ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ሞክረነዋል፤ በደንብ ሄዷል።

ኤግዚቢሽኑ ሦስት ቀን ሲቀረው ጓድ ተፈራ ሐዲዱ ተራራ እንዲዞር ፈለጉ። ኦቦ ዲንሳ በባለ ስድስት ፌሮ ብረት ተዳፋትና ጠመዝማዛ ሠራ። ፉርጎውን ከላይ ለቀቅነው። ጠመዝማዛው ላይ ሲደርስ ወጥቶ ወደቀ። ደግመን ለቀቅነው፤ ወደቀ። አሸዋ ጫንበት፤ ባሰበት።

ኦቦ ዲንሳ ቁጢጥ ብሎ ጎማውን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየ። «ሲዞር ክብደቱ ወደ ውጭ ይጥለዋል። የውጭው ጎማ ይከብዳል፣ የውስጡ ይቀልላል። ከንፈሩ እንደዚህ ሲሆን ሐዲዱን የሚይዘው የቀለለው ጎማ ነው። የቀለለ ምን ይይዛል?»

«በዓይኔ ያየሁትን ነው የነገርኩዎት።»

«የቱን ጎኑን ነው ያየሽው?»

ሕፃን ሆኜ ያየሁት ከጣቢያው መድረክ ላይ ቆሜ ነው። የጎማው ጠርዝ በውጭ በኩል ያብረቀርቃል፤ ከንፈር መስሎኝ ነው ያደግሁት። ከፉርጎ ሥር አጎንብሼ አላውቅም፤ አባቴ አያስጠጋንም ነበር።

ጎማዎቹን ፈትተን ገለበጥናቸው። ፉርጎው ጠመዝማዛውን ዞሮ እታች ደርሶ ቆመ።

«በቃ፣ የኤግዚቢሽኑ ተስተካከለ» አለ ኦቦ ዲንሳ። «የሌላውን ማን ያውቃል? ጓድ ተፈራም ባቡር አያውቁም። ይፈርሙልሽና እናትሽ ጋ ትገቢያለሽ።» ለእኔ አዝኖ ነው።

በማግሥቱ ኪዳን ቆሜ ጸሎቱ አልሄድልኝ አለ። ከዚያ በቀጥታ ቢሮ ገብቼ ለጓድ ተፈራ ነገርኳቸው።

«ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«በኋላማ ፈርመውልኝ ሄጃለሁ።»

መሳቢያቸውን ሳብ አድርገው ወረቀቴን አዩትና መልሰው ዘጉት። «አሥራ ሁለቱም ታርመው ሲያልቁ እንነጋገራለን» አሉ።

ኤግዚቢሽኑ አለፈ፤ ሰው ወደደው። እኔ አዲስ መመሪያ ይዤ በየትምህርት ቤቱ ዞርኩ። ኡኬ ስደርስ መምህሯ ፉርጎውን ልታሳየኝ አልፈለገችም። ስለምናት አመጣችው። ጎማው ተገልብጧል። «ልጆቹ ናቸው እባክሽ፣ አልሄድ ሲላቸው ገለበጡት። መመሪያው እንደዚህ እንደማይል አውቃለሁ» አለችኝ። አቅፌ ሳምኳት።

ጊዳ አያና ግን ፉርጎው ልክ እንደ ጻፍኩት ተገጥሞ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል። ራሳቸው ከሽቦ የሠሩት ሐዲድ መጀመሪያ ጠመዝማዛ ነበረው፤ ፉርጎው ሲወድቅባቸው መምህሩ ሽቦውን አቃንተውታል።

«ለምን ጎማውን አልሞከሩትም?» አልኳቸው።

«ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ ሐዲዱ ማኅተም የለውም» አሉኝ። ቀልዳቸውን አልነበረም።

አሥራ ሁለተኛውን አርሜ ስመለስ ድሬዳዋ የነበረው ክፍት ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል። ጓድ ተፈራ ወረቀቱን ፈርመው ሰጡኝ፤ የሚወስደኝ ቦታ ግን አልነበረም። ሌላ አራት ዓመት ነቀምቴ ቆየሁ።

የመጀመሪያውን የዓመት ፈቃድ ባገኘሁ ጊዜ እናቴን ስሜ በማግሥቱ ለገሃር ሄድኩ። ከቆመ ፉርጎ አጠገብ ነጠላዬን ሰብስቤ አጎነበስኩ። ዘበኛው መጥቶ፣ «ምን ወደቀብሽ እህቴ?» አለኝ። ምንም አልወደቀብኝም አልኩት። ከንፈሩ በውስጥ በኩል ነበር።

ሞዴል ለምትሠሩ ሁሉ፦ ዕቃውን ከሥሩ ሳታዩ አትሥሩት። መመሪያ ከመጻፋችሁ በፊት ጠመዝማዛ ላይ ሞክሩት፤ ማኅተም ካረፈበት በኋላ የሚጠይቃችሁ ሰው ጥቂት ነው።