ታች የሌለበት አገር

ያሳሰረኝ በርበሬ የጠቀለልኩበት ወረቀት ነው። ከገበያ ገበያ የምዞር ሴት ነበርኩ፤ ቡኢ መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘሁት ንጹሕ ወረቀት ነው፣ አነሳሁት። ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር፣ ምን እንደሚል በምን ልወቀው። ቡታጅራ ላይ አንዱ በርበሬዬን ገዛና ወረቀቱን ዘርግቶ አነበበው፤ ፊቱ ጠቆረ፣ ይዞት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። «መሬት ላራሹ ይላል» አሉኝ ኋላ ፖሊሶቹ። ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት የቀራቸው ጊዜ ነበር፤ ግን ያኔ ማን ያውቃል።

ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባ ቀጭን ብርሃን ብቻ ናት። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አንዲት ሴት አየሁ። በደረቷ ተኝታለች፤ ወለሉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛዋለች፣ ገደል ላይ እንደተንጠለጠለ ሰው።

ሰላም አልኳት። ራሷን ሳታነሳ መለሰችልኝ። ከሰሜን የመጣች አስተማሪ ናት። ተማሪ አሳመፅሽ ብለው ይዘዋት፣ ጆሮዋን በጥፊ ካሏት ወዲህ ምድር ትዞርባታለች። ስትነሳ ትወድቃለች፣ ያስመልሳታል። ፖሊሶቹ ደግሞ ሰክራ ነው ያገኘናት ብለው በከተማው አስወርተዋል። በማግስቱ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሊወስዷት ነው። ቀኑ የገበያ ቀን ነው፤ መኪናው የሚቆመው በሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። እኔ ልደግፍሽ ብላት ሰው እንዲነካት እንደማይፈቅዱ ነገረችኝ።

«መታሰሩንስ ችዬዋለሁ» አለችኝ። «ልጆቹ ግን ያስተማረችን ሰካራም ናት እንዳይሉ ነው።»

እንዲያው ሐሳቧን ላስቀይር ብዬ፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ የሚሉት እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። በራዲዮ ሲያወሩ ሰምቼ አላመንኩም ነበር። እውነት ነው አለች። እንዲያውም እነዚያ ሰዎች እንደሷ እንደሚሆኑ ነገረችኝ። በሰማይ መርከባቸው ሲጓዙ ክብደት የሚባል አይሰማቸውም፤ ላይና ታችን የሚለየው የጆሮ ሚዛን ግራ ይጋባል፤ እነሱንም ያስመልሳቸዋል።

«ታዲያ ሲወድቁ ወዴት ነው የሚወድቁት፣ እትዬ?»

«መውደቂያ የለም። ታች የለማ።»

«መስገድ ቢያምራቸውስ? ፊታቸውን የሚያዞሩበት ቂብላ በየት ነው?»

ሳቀች። ሳቁ ራሷን አዞረውና መልሳ ወለሉን ያዘች። ሰሜንና ደቡብ የምድር ነው አለችኝ፣ ዓይኗን ጨፍና፤ ምድርን ሲለቁ እዚሁ ይቀራል። ሰዎቹ ከግድግዳው አንዱን ወለል ይሁን ብለው ይስማማሉ። መንገዳቸውን ግን በኮከብ ነው የሚለኩት። ኮከብ በጣም ሩቅ ስለሆነ እነሱ ቢገለባበጡም እሱ ከቦታው አይነቃነቅባቸውም። እሱን አይተው መርከባቸው ወዴት እንደዞረች ያውቃሉ።

ነገሩ ገባኝ። በእኛ አገር ቤት ሲሠራ ፊቱ ወደ ጀፎረው ነው፣ ወደ ሰፊው የመንደር መንገድ፤ እንሰቱ ከጓሮ ነው። በማላውቀው መንደር ቢመሽብኝ እንኳ ጀፎረውን ካየሁ ጠፍቼ አላውቅም።

«እንግዲያው እኔን እዪ» አልኳት።

ከወዲያኛው ግድግዳ ተለጥፌ ቆምኩ። ብርሃኗ ፊቴ ላይ እንድትወድቅ ትንሽ ጠጋ አልኩ። ተነሳች፣ ወደቀች። ስንቴ እንደወደቀች አላስታውስም፤ ጉልበቷ ደምቷል። ወደታች አትዪ እላታለሁ፤ እሺ ትለኛለች፤ ታያለች፣ ትወድቃለች። ብርሃኗ ከክፍሉ ልትወጣ ስትል አንዴ ደረሰችና ትከሻዬን ያዘች። እጇ በረዶ ነበር።

ጠዋት ግቢ የሚጠርግ ሲጠይቁ እኔ ልጥረግ አልኩ። እየጠረግሁ እየጠረግሁ መኪናው አጠገብ ደረስኩ። ሲያወጧት መጥረጊያውን ጥዬ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በሩ ላይ ሰው ታጭቋል፤ ተማሪዎቿም አሉበት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ዞር በይ ከዚህ» አለኝ ጠባቂው።

ደገመ። ሦስተኛውን በአፉ አላለውም፤ በሰደፍ ጎኔን አለኝ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ከተነቃነቅሁ እሷ መውደቋ ነው፤ እግሬን አላነሳሁም። ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል መጣች፣ ቀስ ብላ፣ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው። ከሰዉ መሀል አንድ ሽማግሌ «ይቺ ናት ሰከረች ያሏት?» ሲሉ ሰማሁ። የመኪናውን ብረት ጨበጠች፣ ወጣች። እኔ ያኔ ነው መሬት ላይ ቁጭ ያልኩት።

እኔን ከርመው፣ ምክንያቱን ሳይነግሩኝ፣ ሂጂ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አገር ዞሬያለሁ። ወልቂጤም፣ ጥያም፣ አዲስ አበባም ጠይቄያለሁ። መንግሥት ሲለወጥ የተፈታ አለ፣ የሞተም አለ፤ ከየትኛው እንደሆነች የሚነግረኝ አላገኘሁም። ስሟ ማን ነው ይሉኛል። ቀን ሙሉ አውርተን፣ ጎን ለጎን አድረን፣ ስሟን አልጠየቅኳትም። አስተማሪ ነበረች፣ ጆሮዋን መትተዋት ነበር፣ በእግሯ ሄደች እላቸዋለሁ።