ለእባቡ ያልረጨሁት ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ ለንደን ውስጥ በአውቶቡስ ወደ ባተርሲ ስንሄድ ልጄ ስልኳ ላይ አንድ ሰማያዊ እባብ አሳየችኝ። «ዳዲ፣ ሉክ! የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ላይ ነው የሚኖረው፤ ሱፐር ዴንጀረስ ነው።»

«አውቀዋለሁ። የዚህን እባብ አረንጓዴ ዓይነት ውሃ አጠጥቼዋለሁ» ብላት ሳቀችብኝ።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ወጥቼ፣ የመኖሪያ ወረቀቴን እንዳገኘሁ ክሮይደን አካባቢ አንድ የእንስሳት ኮሌጅ ውስጥ የጽዳት ሥራ አገኘሁ። ጥር ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አብረውኝ የሚያጸዱት እትዬ አልማዝ ጠዋት ጠዋት ጭኮ ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ያንን እየቆረጥኩ ነው እንግሊዝን የለመድኩት።

ኮሌጁ በወንፊት በተከደነ የመስታወት ሳጥን የሚያኖረው መርዛማ እባብ እንደ ቃሪያ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ ቀላ ይላል። በዓይኑና በአፍንጫው መሃል ባለችው ጉድጓድ የሰው ሙቀት ያውቅባታል ይባላል። የእንስሳቱ ኃላፊ ፖል ሥራዬን አሳየኝ፦ «ከሳህን አይጠጣም፤ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ነው የሚጠጣው። በየቀኑ በዚህ መርጫ ጠርሙስ በወንፊቱ ክዳን በኩል ውሃ ርጭለትና ወረቀቱ ላይ ፈርም።»

እኔ እባብ የማውቀው በዱላ ነው። ከጥይት ተርፌ እዚህ በእባብ ልሞት ነው እንዴ? ጠርሙሱን አንስቼ መልሼ አስቀምጥና እፈርም ነበር። እባቡ ከሳ። ፖል ግራ ገባው፤ ሐኪም ጠራ። በመጨረሻም «እስከ ዓርብ ካልተሻለው በመርፌ እናሳርፈዋለን» አለ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ መፈረሜን ቀጠልኩ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ አልማዝ ከቦርሳቸው ጸበል አውጥተው፣ እባቡን ያስርልኛል ብለው «በስመ አብ!» እያሉ በወንፊቱ ላይ ረጩት። እባቡ አንገቱን ዘርግቶ ከቅጠሉ ላይ ጠብታ በጠብታ ይለቅም ጀመር።

«ውይ በሞትኩት! ጸበሉን ጠጣው! ምን ጉድ ሠራሁ?»

«እትዬ፣ ውሃ ጠምቶት ነው። አንድ ቀንም ረጭቼለት አላውቅም።»

ወረቀቱን አዩት። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ።»

«አንተ ልጅ! እባብስ ቢሆን በውሃ ጥም ይገደላል? በል ጠርሙሱን አንሳ። እኔ እዚህ ቆሜ አይሃለሁ።»

ከእኔ ይልቅ የሚፈሩት እሳቸው ነበሩ። ያም ሆኖ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ እያማተቡ፣ ረጭቼ እስክጨርስ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። እባቡ ዳነ። ፖል ፊርማዬን እያየ አመሰገነኝ፤ ሥራውን ስለቅም «ታማኝ ሠራተኛ» የሚል ደብዳቤ ጻፈልኝ።

«ነገርከው ታዲያ? ፖልን?» አለች ልጄ።

«አልነገርኩትም።»

ሳቋን አቁማ በመስኮት ማየት ጀመረች። አፈርኩ፤ ዛሬም አፍራለሁ። ግን ቀጣዩን ሥራ ያገኘሁት በዚያ ደብዳቤ ነው፤ እናቷንም ያገኘኋት እዚያ ሥራ ላይ ነው። ያን ጊዜ እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ይቺ ልጅ አጠገቤ አትቀመጥም ነበር። ይህንን ግን አልነገርኳትም።